181 እና 1፦ የታጋዩ ዳን ጌብል ጉዳይ

አንድ የ21 ዓመት ወጣት የኤቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ቆሟል። ዓመቱ 1970 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቦታው ቺካጎ አጠገብ ያለችው ኢቫንስተን ናት። የቴሌቪዥኑ ሰዎች አንድ አጭር ማስታወቂያ እንዲናገርላቸው ይፈልጋሉ። ስሙን ይናገራል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት የትግል ተማሪነት ዘመኑን፣ ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ኮሌጅ ያለውን፣ 182 ለ 0 አድርጎ ሲዘጋ እንዲያዩት ተመልካቾችን ይጋብዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጁ ይጀምርና ይሳሳታል። እንደገና ይባላል፣ እንደገና ይሳሳታል። ምላሱ ይተሳሰራል።

የፍጻሜው ግጥሚያ ገና አልተደረገም። 182ኛው ድል ገና የለም። ማስታወቂያው ግን ከወዲሁ እየተቀረጸ ነው።

ይህን ታሪክ በኋላ ደጋግሞ ያወራው ራሱ ዳን ጌብል ነው። የሱን ነገር ላጫውታችሁ ስነሳ ከዚህ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጌብል የሚያወራ ሰው ሁሉ «አንድ ቀን ተሸነፈ፣ ሽንፈቱም ታላቅ አደረገው» ብሎ ነው የሚጨርሰው። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ የተስተካከለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ። በኛ አገር «ታጋይ» ሲባል በረሃ የወረደው ነው ቶሎ የሚታየን። «ሬስሊንግ» ሲባል ደግሞ ጆን ሲና ወንበር አንስቶ ሲማታ። የማወራው ስለ ሁለቱም አይደለም። ፍራሽ ላይ የሚደረገው፣ ማንም አስቀድሞ ያልተስማማበት፣ ደሞዝ የሌለው የተማሪ ቤት ትግል ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ከታች ክፍል ጀምረው ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርሱ ይታገሉበታል። በሕጉም ኦሎምፒክ ላይ ከምናየው ነፃ ትግል ይለያል። ኦሎምፒክ ላይ ጥሎ መገልበጥ ብዙ ያስገኛል። እዚህ ግን ባላንጣን መሬት ላይ ይዞ ማቆየትም ነጥብ አለው፣ ከስር አምልጦ መነሳትም ነጥብ አለው። ስለዚህ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ ይጠይቃል። ትንፋሽ ያለው፣ ሌላው ሲደክም ይበላዋል።

ጌብል የተወለደው በ1948 በአዮዋ ግዛት፣ ዋተርሉ ከተማ ነው። የጆን ዲር ትራክተር የሚሠራባት የወዛደር ከተማ ናት። ትግል ለአዮዋ፣ ሩጫ ለበቆጂ እንደማለት ነው። ልጁ አርፎ የማይቀመጥ ዓይነት ነበር። እናቱ ኬቲ ጉልበቱን የሚያወጣበት ቦታ ስታፈላልግ ወወክማ ወሰደችው። እዚያ ዋና ያዘ። በ12 ዓመቱ በግዛቱ የወወክማ የዋና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዋናተኛ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ትግል አሸነፈ።

ዌስት ሃይ የሚባለው የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ አሰልጣኙ ቦብ ሲደንስ ነበር። በአዮዋ ትግል ስሙ የሚከበር ሰው ነው። ጌብል እዚያ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት 64 ጊዜ ታግሎ 64 ጊዜ አሸነፈ። በ1964፣ በ1965 እና በ1966 የግዛቱ ሻምፒዮን ሆነ። የመጀመሪያውን ሲያሸንፍ የታገለው በ95 ፓውንድ ነው፤ 43 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ግማሹን አይሞላም።

እስካሁን ያለው የጎበዝ ልጅ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በየከተማው አለ።

ግንቦት መጨረሻ 1964። ቤተሰቡ ለእረፍት ቀን ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሄደ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ወደምትባል ትንሽ ቦታ። አባት ማክ፣ እናት ኬቲ እና የ15 ዓመቱ ዳን። ታላቅ እህቱ ዳያን 19 ዓመቷ ነው። ቀርታ በማግስቱ ልትከተላቸው ነበር። በማግስቱ ጠበቋት፣ አልመጣችም። አባትየው ስልክ ፈልጎ ወደ ዋተርሉ ደወለ። እስቲ ቤት ሄዳችሁ እዩልኝ ብሎ ሰው ላከ። የተላከው ሰው ያገኘው ሬሳዋን ነው። ሳሎን ውስጥ ተደፍራ ተገድላለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዳን ለአባቱ አንድ ነገር ነገረው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሰፈር ልጅ፣ የሚያውቀው ልጅ፣ ስለ ዳያን የብልግና ነገር ሲናገር ሰምቶ ነበር። የወሬ ነገር ነው ብሎ ትቶት ነበር። አባትየው መጀመሪያ በንዴት ጦፈ። ከዚያ ለፖሊስ ነገረ። ገዳዩም ያ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

እስቲ አስቡት። የ15 ዓመት ልጅ ነው። የእህቱ ሐዘን ላይ «ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ» የሚባል ነገር ተደርቦበታል። ጌብል ሽማግሌ ሆኖም ይህን ሲናገር ድምፁ ይሰበራል።

ቀጥሎ የሆነውን ነገር እኔ ከሜዳሊያዎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ወላጆቹ ወደዚያ ቤት መግባት አቃታቸው። ቤቱን ሸጠን እንሂድ አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ደም የፈሰሰበት ሳሎን ውስጥ ቁርስ ይበላል እንዴ? ልጁ ግን እምቢ አለ። ቤታችን ነው፣ እንመለስ አለ። ተመለሱ። እሱም ዕቃውን ሰብስቦ የዳያን ክፍል ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ መኝታው እዚያ ሆነ። ወላጆቹ ባዶ ክፍል እያዩ እንዳይብሰለሰሉ ነው።

ቤቱ ወዲያው አልዳነም። ወላጆቹ ይጠጣሉ፣ ያጨሳሉ፣ ይጣላሉ። አንድ ቀን ልጁ ጮኾ አስቆማቸው። እሱ እንደሚለው፣ ከዚያ ወዲህ ትግሉ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ወላጆቹ ግጥሚያውን ሊያዩ መከተል ጀመሩ። እሱ ሲያሸንፍ ቤት ውስጥ የሚወራ ሌላ ነገር ይኖራል። ቅዳሜ ማታ የሚጠበቅ ነገር ይኖራል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከ1964 በኋላ ያሉት ድሎች የሱ ብቻ አይደሉም። ያ ዜሮ፣ በሽንፈት በኩል ያለው ዜሮ፣ የቤተሰቡ ምሰሶ ሆኗል። ይህ ልጅ ቢሸነፍ ምን እንደሚሆን ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም፤ ሞክረውት አያውቁማ።

በ1966 አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኤምስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፣ ከዋተርሉ በመኪና ብዙም አይርቅም። አሰልጣኙ ሃሮልድ ኒኮልስ ነበር፤ በ1939 ራሱ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የነበረ፣ በኋላ አዮዋ ስቴትን ለስድስት የቡድን ዋንጫ ያበቃ ሰው። በዚያን ጊዜ ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው ዋና ቡድን አይሰለፍም። ጌብል ያን ዓመት ቁጭ ብሎ አላሳለፈውም። ክፍት ውድድሮች ላይ ገባ። ሚድላንድስ በሚባለው ትልቅ የገና ሰሞን ውድድር በዕድሜም በስምም ከሱ የሚበልጡትን አሸንፎ ወሰደው። ገና ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ!

ስለ ልምምዱ ብዙ ተረት አለ፣ ግማሹን ባታምኑት አይፈረድባችሁም። የማይካደው ይህ ነው። ሌላው ልምምድ ጨርሶ ሻወር ሲገባ እሱ አዲስ ሰው ይዞ ይጀምራል። ያ ሲደክም ሌላ ይጠራል። ምኞቱ አንድ ነበር ይላል፤ ልምምድ ላይ አቅሙ አልቆ ተሸክመው እስኪያወጡት መድረስ። ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ሞቻለሁ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ትንፋሹ ይመለሳል። በዳዴ ወደ በሩ ይሄዳል። በር ጋ ሲደርስ መቆም ይችላል። ሳውና ይገባል። ከዚያ ወጥቶ እራት ይበላል። ማንም ተሸክሞት አያውቅም። በዚህ የሚናደድ ሰው ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ሁሌ የሚታየኝ የዳያን ክፍል ነው። ሰው ስፖርት ለመውደድ ብቻ እንዲህ አይሆንም።

በ1968 በ130 ፓውንድ፣ በ1969 በ137 ፓውንድ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ1969 የውድድሩ ምርጥ ታጋይ ተባለ። አብዛኛውን ጊዜ በነጥብም አይደለም የሚያሸንፈው፤ ክንድ ቆልፎ ገልብጦ ሁለቱንም ትከሻ ፍራሹ ላይ ያስነካል። ያ ከሆነ ግጥሚያው እዚያው ያልቃል፣ ነጥብ መቁጠር የለም።

በመሀል አንድ ትንሽ ነገር ነበረች፣ ያኔ ማንም ልብ ያላላት። በ1968 የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ጌብል አንድ ከኦሪገን የመጣ ልጅ ገጠመው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ገና መጨረሱ ነው። ጌብል 13 ለ 4 አሸነፈው። ረሳውም። በዚያ ዓመት ሜክሲኮ የሄደው ጌብል አልነበረም፤ በሱ ኪሎ የተመረጠው ቦቢ ዳግላስ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ። የተሸነፈው የኦሪገን ልጅ ደግሞ ላሪ ኦዊንግስ ይባላል።

ልጁ ግን አልረሳም። ተሸናፊ መች ይረሳል!

ኦዊንግስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1970 ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በዚያ የውድድር ዓመት ከፍ ባለ ኪሎ፣ እስከ 158 ፓውንድ ድረስ ይታገል ነበር። የዓመቱ ትልቅ ውድድር ሲደርስ ወደ 142 ወረደ። ሰባት ኪሎ ገደማ ነው። 142 የጌብል ኪሎ ነበር። የአገሩ ታጋይ ሁሉ ከዚያ ኪሎ ሲሸሽ ይህ ልጅ እየተራበ ወደዚያ ወረደ። ለጋዜጠኞችም አልደበቀም፤ የመጣሁት ሻምፒዮን ልሆን ሳይሆን ጌብልን ልጥል ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተናገረ። ነገሩ ታተመ። ጌብልም አነበበው።

አሁን ወደ ኢቫንስተን ተመለስን።

ጌብል እስከዚያ ሳምንት ድረስ ማን ይግጠመኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ለሱ ባላንጣ ማለት ፍራሹ ላይ የቆመ ሰው ነው፣ በቃ። እዚያ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኋላ እንደተናገረው ኦዊንግስን ሲታገል ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። ጋዜጠኞች ይከቡታል። ፊርማ ይፈርማል። ካሜራ ፊት ይቆማል። «182 ለ 0» በል ይሉታል። በየመሀሉ ግን ያሸንፋል፤ በዚያ ውድድር ከፍጻሜው በፊት የገጠሙትን አምስት ሰዎች በሙሉ ትከሻ አስነክቶ ነው የጣላቸው። ስለዚህ ማን ምን ሊለው ይችላል? አሰልጣኝ ብትሆኑ አምስት ሰው በትከሻ የጣለ ልጅ ጠርታችሁ «አሳሰብከኝ» ትሉታላችሁ?

ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር በአጭሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አይገቡም። ያኔ ግጥሚያው 8 ደቂቃ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ከቁመት አውርዶ መሬት ላይ የሚቆጣጠር 2 ነጥብ ያገኛል (ከቅርብ ጊዜ ወዲህ 3 ሆኗል)። ከስር ያመለጠ 1። የባላንጣውን ጀርባ ወደ ፍራሹ አዙሮ ትከሻውን ሊያስነካ የተቃረበ ደግሞ ተጨማሪ ያገኛል። እነዚህ ካሏችሁ ይበቃል።

ማርች 28፣ ቅዳሜ። አዳራሹ ጢም ብሏል።

ኦዊንግስ ገና ከጅምሩ ገባበት። ጌብል የለመደው የሚፈራው ሰው ነው፤ ገና እጅ ሲጨባበጡ ግማሹ ያለቀለት። ይህ ግን ወደ ኋላ አይልም። እግሩን ይይዛል፣ ይጥላል፣ ነጥብ ይወስዳል። ጌብል ከኋላ ሆኖ መሯሯጥ ጀመረ። ለሱ አዲስ ነገር ነው። ግን ትንፋሹ አለ። ያ ሁሉ ሰዓት፣ ያ ሁሉ ዳዴ፣ ለዚህ ነው የተጠራቀመው። ደቂቃዎቹ ሲሄዱ እየቀረበ መጣ። ደረሰበት። አለፈው። 10 ለ 9።

ሰዓቱ ላይ 30 ሰከንድ እንኳ አልቀረም።

በዚህ ሰዓት ልምድ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ሸሽቶ ይጨርሳል። ጌብል ግን ሸሽቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ የለም፤ መሸሽ አይችልበትም። ተያያዙ። ኦዊንግስ አወረደው። 2 ነጥብ። ሲወርድ ጀርባው ወደ ፍራሹ ዞረ። ሌላ 2 ነጥብ። 13 ለ 10። ጌብል ተፈናጥሮ ወጣ፣ 1 ነጥብ። 13 ለ 11። አለቀ።

ሽልማት መስጫው ላይ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆመ። አንገቱን ደፍቷል። ሕዝቡ ተነስቶ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው አያልቅም። የሚጨበጨብለት እሱ ነው፣ ሁለተኛ የወጣው። እሱ ግን ቀና አላለም። በነገራችን ላይ የዚያን ቀን አዮዋ ስቴት በቡድን ሻምፒዮን ሆኗል። ያንን የሚያስታውስ አለ?

እንግዲህ ይህ ነው ጉዳዩ፤ የሁለተኛ ደረጃው 64 ከኮሌጁ ጋር ተደምሮ 181 ድል፣ 1 ሽንፈት። ለምን ተሸነፈ?

አንደኛው መልስ ቀላሉ ነው፤ የተሻለ ሰው ገጠመው። በዚያ ምሽት ኦዊንግስ የተሻለ ነበር። ይህን ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ስለ ጌብል ስናወራ ሌላውን ልጅ እንደ መብረቅ ወይም እንደ ዝናብ እንቆጥረዋለን፣ ከሰማይ የወረደ ነገር። ልጁ ሁለት ዓመት ሲያስብበት ቆይቶ፣ ሰባት ኪሎ ቀንሶ፣ ዕቅድ ይዞ የመጣ ሰው ነው። የውድድሩ ምርጥ ታጋይ የተባለውም እሱ ነው፣ በሐቅ።

ሁለተኛው መልስ ጌብል ራሱ የሚሰጠው ነው፤ ሐሳቤ ተበታትኖ ነበር ይላል። እኔ ከዚህ አንድ እርምጃ ልሂድ። ሐሳቡ ዝም ብሎ አልተበታተነም። ካሜራ ፊት የተጠየቀው ነገር ምን ነበር? ቁጥር ነው። እንደምታገል ተናገር አልተባለም፤ 182 ለ 0 በል ነው የተባለው። ያ ዜሮ ደግሞ ለሱ ተራ ዜሮ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን ያቆመ ዜሮ ነው። በዚያ ምሽት ፍራሹ ላይ ሁለት ነገር ይዞ ገባ፤ ኦዊንግስን መጣል አለበት፣ ያን ዜሮ ደግሞ መጠበቅ አለበት። ኦዊንግስ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምላሱ ማስታወቂያው ላይ የተሳሰረው እንዲሁ አይመስለኝም። አፉ ከጭንቅላቱ ቀድሞ አውቋል።

ይህ የኔ ግምት ነው፣ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ።

ከተሸነፈ በኋላ ግን የሆነው ነገር ግምት አይደለም። ቤቱ አልፈረሰም። እናትና አባቱ እዚያው አሉ። ልጁ ተሸንፎ ወደ ዋተርሉ መጣ፣ ቤቱ እንደቆመ አገኘው። በኔ እይታ የዚያ ሽንፈት ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው።

«ሽንፈቱ ታታሪ አደረገው» የሚለውን አልቀበልም። ታታሪነቱ የመጣው ከ1964 ነው፤ ማንም አልጨመረለትም። ሽንፈቱ ያሳየው የጎደለውን ነው። ጉልበትና ትንፋሽ ከማንም በላይ ነበረው፤ ጥበቡ ላይ ግን ክፍተት ነበር፣ እግሩን የሚይዝ ሰው ሲመጣ በተለይ። ማንም እስከዚያ ያን ክፍተት ስላልነካበት አልታየም። ከዚያ ወዲህ የራሱን ግጥሚያ እንደ ባላንጣ ሆኖ ማየት ተማረ። ልምምዱ በቀን ሰባት ሰዓት ደረሰ። ኤምስም የጉልበተኞች ሰፈር ሆነች። ቤን ፒተርሰን እዚያው ተማሪ ነበር፣ ወንድሙ ጆን ከጌብል ጋር ለመለማመድ ብሎ መጣ፣ ከ180 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ክሪስ ቴይለርም ነበር። እነዚህ ሁሉ በ1972 ሙኒክ ሄደው ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ።

ጌብል በ1971 ሶፊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ68 ኪሎ። በ1972 መጀመሪያ ሶቪየቶች አገር ሄዶ የትብሊሲን ውድድር አሸነፈ። ትብሊሲ ያኔ ከኦሎምፒክ ይከብዳል የሚባልለት ነበር። ሶቪየቶች ተናደዱ፤ እሱን የሚጥል ሰው ከመላው አገራችን ፈልገን እናመጣለን አሉ ይባላል።

ሙኒክን ከኛ ወገን የምናስታውሰው በሌላ ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶን ላይ ነሐስ ያመጣበት፣ ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ በ10 ሺህ ነሐስ ወስዶ የ5 ሺህ ማጣሪያው ያመለጠው፣ የሚያንገበግበን ሙኒክ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ ጌብል ስድስት ጊዜ ታገለ። ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር የመጣው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ ከዩጎዝላቪያው ታጋይ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው ከዓይኑ በላይ ተተረተረ። ሰባት ስፌት። በፋሻ ተጠቅልሎ ቀጠለ። የመጨረሻው ባላንጣ የሶቪየቱ ሩስላን አሹራሊየቭ ነበር። ወርቁን ወሰደ። በስድስቱም ግጥሚያ ማንም በሱ ላይ አንድ ነጥብ አላስመዘገበም። አንድም!

አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ያለው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ አዮዋ ዩኒቨርሲቲን (ከተማረበት ሌላ ነው፣ እንዲያውም ባላንጣው ነው) ለ15 የብሔራዊ ዋንጫ አበቃ፣ ከነሱ ዘጠኙ በተከታታይ። ባላንጣ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የገዛ ትምህርት ቤቱን ሲቀጠቅጥ ኖረ። ኤምስ ያሉ ሰዎች ይህን በሳቅ ያወራሉ ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

ያን ዜሮ ግን በመጨረሻ ያገኘው ሌላ ልጅ ነው። ኬል ሳንደርሰን ይባላል፣ የዩታ ልጅ። ከ1999 እስከ 2002 አራት ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፣ 159 ለ 0። የት? አዮዋ ስቴት። አሰልጣኙስ? በ1968 ሜክሲኮ የሄደው ቦቢ ዳግላስ።

ኦዊንግስ ከዚያ ምሽት በኋላ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በ1971ም በ1972ም ፍጻሜ ደርሶ ሁለተኛ ወጣ። በኋላ መምህርና አሰልጣኝ ሆነ። የሚያገኘው ሰው ሁሉ ግን የሚጠይቀው ስለ አንድ ምሽት ነው። ለሱም ያ ቁጥር ሸክም ሆኖበታል ማለት ነው፣ በሌላ በኩል።

ሁለቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ተገናኝተዋል። ከሙኒክ በፊት፣ በ1972 የኦሎምፒክ ማጣሪያ፣ ሚኔሶታ ውስጥ አኖካ በምትባል ከተማ። እዚያ 182 ለ 0 በል የሚለው ሰው አልነበረም፤ የሚጠበቅ ዜሮ የለማ። ጌብል 7 ለ 1 አሸነፈ። ያቺ ድል ግን 181 ውስጥ አትቆጠርም። የተማሪ ቤቱ መዝገብ ኢቫንስተን ላይ ተዘግቷል።